ወደ አባት የምትመልሰው መስመር

ሽማግሌ በምን ይቀናል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የሚበዛው ሰው በሹመት ወይም በሀብት ይላችኋል። እኔ ግን ጸጉሬ ከነጣ፣ ደጀ ሰላም ስገባ ልጆች በትሬን መቀበል ከጀመሩ በኋላ፣ በአንድ የኮምፒውተር ሥራ ቀንቻለሁ። ቅንዓቱ ቅዳሜ ጠዋት ጀመረኝ፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ አዋረደኝ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ። የምታነቡኝ ወዳጆቼ፣ ነገሩን ስጽፍ ራሴን ቅዱስ ለማስመሰል እንዳልሞከርኩ አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

እኔ በጎንደር፣ በቁስቋም ሰፈር፣ ቅኔ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ስሟ ማስተዋል ይባላል። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ቤቷም ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ፀዳ በምትባለው ከተማ ነው። በልጅነቷ ተማሪዎቼ ቅኔ ሲነግሩኝ ከጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዛሬ እኔ የማላውቀውን ዕውቀት ስታስተምር፣ ከጉልበቴ የራቀች እየመሰለኝ አዝናለሁ እንጂ በልጄ አፍሬ አላውቅም።

መሪጌታ ጥዑም ደግሞ ከእኔ ጋር በአንድ ጉባኤ ቤት ያደገ ሰው ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው እስከ ዛሬ «አያ ልሳኑ» ይለኛል። በተማሪነታችን እኔ ቅኔ ስነግር የኔታችን «ደኅና ነው» ይሉ ነበር። እሱ ሲነግር ግን ምንም ሳይናገሩ ፈገግ ይላሉ። ያ ፈገግታ ስንት ዘመን አልፎበት፣ የኔታም ዐርፈው፣ ከሆዴ አልወጣም።

ልጄ ለቅኔ ቤታችን አንድ መልካም ሥራ ጀምራ ነበር። የሊቃውንቱ ቅኔ በየሰው አፍ ተበትኖ እንዳይጠፋ፣ ተማሪዎች እየጻፉ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲያስቀምጡ አደረገች። ቅኔዎቹ በየበዓሉና በየዓይነቱ በፎልደር ተከፍለዋል፤ በፎልደሩ ውስጥም ሌላ ፎልደር አለ። የሚጻፉበት ፕሮግራም ጽሑፍ ማረሚያ ነው፤ ጠባዩ ግን ልዩ ነው። ሊስፕ በሚባል ቋንቋ ትእዛዝ ከጻፋችሁለት፣ ትናንት የማይችለውን ሥራ ዛሬ ይማራል። የሊስፕ ትእዛዝ ሁሉ በቅንፍ ይከፈታል፣ በቅንፍ ይዘጋል፤ በቅንፍ ውስጥ ሌላ ቅንፍ አለ። ይህ ጠባዩ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ያስታውሰኛል። መተርጉም አንዱን ነገር ሲፈታ በውስጡ ሌላ ነገር ያነሣል፣ በዚያም ውስጥ ሌላ፤ ሁሉንም ፈትቶ ሲያበቃ ግን ወደ ተነሣበት ቃል ሳይመለስ አይቀርም።

በዚያ ቅዳሜ አንድ ጠርሙስ ማር ይዤ፣ ከፒያሳ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ፀዳ ወረድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የወንድ ሳቅ ሰማሁ። ሳቁን ዐወቅሁት። ስገባ መሪጌታ ጥዑም፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዘወትር እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ከልጄ ጎን ተቀምጧል። ሁለቱም ዓይናቸው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«አባየ! ምነው ሳትደውል?» አለች ማስተዋል ብድግ ብላ።

«ወደ ልጄ ቤት ለመምጣት ደውዬ አላውቅም።»

«አያ ልሳኑ፣ ደኅና አደርህ? ና፣ ና። ቅንፍ እየቆጠርን ነው» አለ ጥዑም፣ ከወንበሬ ሳይነሣ።

ማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ነገሩን በእርጋታ አስረዳችኝ። ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ መሆኑን ዐውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ እሷ ስትሄድ ሥራው ያለ ጠባቂ እንዳይቀር መሪጌታን ሊስፕ እያስተማረቻቸው መሆኑን ነው። የቀረው ትልቁ ሥራ ማውጫው ነው። አንድ ተማሪ ፎልደሩን ሲከፍት፣ በውስጡ ያሉት ቅኔዎች በዚያው በሚጽፍበት ገጽ ላይ ተራ በተራ ተዘርዝረው እንዲታዩት፣ ከዝርዝሩ አንዱን ሲነካ ደግሞ ቅኔው እንዲከፈትለት ያስፈልጋል።

«ከሄድኩ በኋላ በየእሑዱ እየደወልኩ መሪጌታን እረዳቸዋለሁ» አለች።

በየእሑዱ! ይህን ስሰማ ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ፍም ተቀመጠ። ልጄ ከቤቴ ልትርቅ ነው፤ ድምፅዋ ግን በየሳምንቱ በሌላ ሰው ቤት ሊሰማ ነው።

«እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«አባየ፣ አምና ሳስጀምርህ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ለጣቴ አይመችም ብለህ ተውከው እኮ።»

«ያን ጊዜ ጣቴን አሞኝ ነበር።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጣቱ ዛሬ ሽሮለታል» አለ ጥዑም።

ልጄ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እኔ ግን ቆሜ እንዲህ አልኩ። «በቅኔ ቤት ሁለት ተማሪ ሲወዳደር እንዴት ነው የሚለየው? ሁለቱም ቅኔያቸውን ቆጥረው ያዘጋጃሉ፣ የኔታ ይሰማል። እንግዲህ እሱም ማውጫውን ይሥራ፣ እኔም ልሥራ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አንቺ የኔታ ሆነሽ ስሚን። የተሻለው ጠባቂ ይሁን።»

«አባየ፣ ይህ ውድድር አይደለም።»

«ተይው ልጄ» አለ ጥዑም እጁን እያሻሸ። «አያ ልሳኑ ከተነሣ አይቀመጥም። ሸጋ ነው፣ እንቆጥራለን!»

ማስተዋል ተንፍሳ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣችልኝና ሁለታችንንም አስቀምጣ አስተማረችን። አንድ ፎልደር ሲዘረዘር በውስጡ ሌላ ፎልደር ከተገኘ፣ ትእዛዙ ራሱን መልሶ ይጠራና ወደዚያ ይገባል አለች። ጥዑም ግንባሩን ቋጠረ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። በጉባኤ ቤት የኔታ ሁሉንም ተማሪ አይሰማም፤ ለረዳቱ ለአስነጋሪው ይሰጣል፤ አስነጋሪው ከሥሩ ላለው፣ ያም ከእሱ በታች ላለው። የመጨረሻው ልጅ ሲጨርስ ነገሩ በመጣበት መንገድ ወደ የኔታ ይመለሳል። ይህን ብነግራት «አባየ፣ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ መምህር የለም» አለችኝ። ጥዑምን ዞር ብዬ አየሁት።

በመጨረሻም አንድ ነገር አስጠነቀቀችን። ኮምፒውተር ማንኛውንም ፎልደር ሲዘረዝር፣ ከፋይሎቹ ሌላ ሁለት መስመሮች ይጨምራል። አንዲት ነጥብ ብቻ ያለባት መስመር ፎልደሩን ራሱን ታመለክታለች። ጎን ለጎን ሁለት ነጥብ ያለባት መስመር ደግሞ ከበላዩ ያለውን ፎልደር ታመለክታለች፤ የሙያው ሰዎች «አባት» ይሉታል። «በሁለቱ መስመሮች ላይ ተጠንቀቁ» አለችና ምሳ ልታቀርብ ሄደች።

ከምሳ በኋላ እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ክፍል ሆነን ጻፍን። ያቺን የአባት መስመር ባየኋት ቁጥር ልቤ ከእሷ ጋር ሆነ። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው «ከማን ተማርክ?» ሲባል መምህሩን ሳይጠራ ስለራሱ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ቢናገር ነውር ነው። እንግዲያው ማውጫስ አባቱን ሳይጠራ ልጆቹን ቢዘረዝር ምን ዓይነት ማውጫ ነው? ስለዚህ ትእዛዜን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩ፤ ማንኛውም ፎልደር ሲከፈት ከሁሉ በፊት አባቱ ይጠራ፤ ፎልደር ሆኖ የተገኘውም ሁሉ ይገባበት። ቅንፎቼን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ የከፈትኩት ሁሉ ተዘግቷል።

ትእዛዙን ግን አልሞከርኩትም። ቅኔ የቆጠረ ተማሪ የኔታ ሳይሰሙት ለሌላ አያሰማም፤ በሆዱ ይዞ ይመጣል እንጂ። እኔም ሥራዬን እንደ ቅኔ በሆዴ ይዤ አደርኩ።

እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን፣ እኔና ጥዑም በአንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ፀዳ ወረድን። መንገዱን ሁሉ እሱ ስለ ዝናቡ አወራ፤ እኔ አዎን አዎን አልኩ። ማስተዋል ጠረጴዛውን አጽድታ ጠበቀችን።

መጀመሪያ ጥዑም አሳየ። አንዲት ቁልፍ ሲነካ ማውጫው ቁልጭ ብሎ ወጣ። በፊደል ተራ አልነበረም፤ በቅኔ ቤት ሥርዓት፣ ከአጭሩ ቅኔ ወደ ረጅሙ፣ ጉባኤ ቃና ከፊት፣ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚ በዝኁ፣ እያለ ይወርዳል። ልጄ አንዱን ነካች፤ ገባ። በውስጡ ያለውን ነካች፤ አሁንም ገባ። ከዚያም ፈገግ አለች፤ ምንም አልተናገረችም። ያን ፈገግታ ዐውቀዋለሁ! የኔታ መቃብር ፈንቅለው የመጡ መሰለኝ።

«በጣም ሸጋ ነው መሪጌታ። አሁን ወደ ላይ ይመልሱኝ» አለች።

ጥዑም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየው። መመለሻ የለውም። ሁለቱንም ነጥባማ መስመሮች ከዝርዝሩ አውጥቷቸዋል።

«መመለስ ለምን ያስፈልጋል?» አለ። «ገባ፣ ቅኔውን አገኘ፤ በቃ።»

«ሌላ ቅኔ ቢፈልግስ?»

ጥዑም ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ ከዳባት ገጠር ለትምህርት ስወጣ አባቴን ደኅና ሁን ብዬ ሳልመለስ ቀረሁ፤ ሲያርፍም አልነበርኩም። መመለሻ መንገድ ይኑር ብሎ ማሰብ ለእኔ ከወዴት ይመጣል?» አለ። ሳቁ መጨረሻው ላይ ሳሳ።

በውስጤ እልል አልኩ። ጥዑም የዘለላትን መስመር እኔ በራስጌ አስቀምጫታለሁ።

«አሁን እኔን ስሙኝ» ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

መስመር መውጣት ጀመረ። ቅኔው ካለበት ፎልደር ተነሥቶ አባቱን ጠራ፤ የተጠራውም ፎልደር ነውና ገባበት፤ ያም በተራው አባቱን ጠራ። የልጄ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፤ የእሷ ሰነድ ሁሉ የሚቀመጥበት ፎልደር ነው። በእሱም አልፎ ወጣ። ከዚያ አንዲት ሰያፍ ጭረት መጣች፤ ከሥርዋ ያችው ጭረት፤ ከሥርዋ አሁንም ያችው። ገጹ በጭረት ሞልቶ እንደ ጎርፍ ይወርድ ጀመር። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ። አንዲት የቅኔ ስም እንኳ አልታየችም።

«አያ ልሳኑ፣ ወደ አዳም እየወጣህ ነው እኮ!» አለ ጥዑም።

«ማሽኑ አሮጌ ነው» አልኩ።

«አባየ፣ ማሽኑ ደኅና ነው።»

«ደኅና ቢሆን አይጮህም ነበር! አሮጌውን ለእኔ፣ ደኅናውን ለእሱ ሰጠሽ!»

ልጄ ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ ተጫነች፤ ጎርፉም ቆመ። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «እይ፣ አባየ። ይህች ጭረት ከሁሉ በላይ ያለው ፎልደር ስም ናት፤ ከበላዩ ማንም ስለሌለ የአባቱ መስመር ወደ ራሱ ትመልሰዋለች። ትእዛዝህ ወደ አባት፣ ወደ አባት ሲል እዚያ ደረሰና መውጫ አጣ። ቅኔዎቹ ሁሉ ከታች ነበሩ፤ አንዱንም ሳያይ ቀረ።»

«አባቱን መጥራት ነውር ነው?»

«መስመሯስ ትታይ። ሰው ሲፈልግ ነክቷት ይመለስባት። ትእዛዙ ግን ልጆቹን ሊቆጥር ወርዶ ሳለ እሷን መከተል የለበትም።»

ይህን ብላ በሥራዬ ላይ አንዲት አጭር ቅንፍ ጨመረች። እንደገና ስትነካው አባትየው በራስጌ፣ ልጆቹ በተራ፣ ሁሉም ወጣ። ያንኑ የአባት መስመር ወደ ጥዑም ሥራም ጨመረችለት፤ የእሱም መመለሻ አገኘ።

«እንግዲህ እኩል ነን» አልኩ። «ጠባቂው ማን ነው?»

ዓይኔን አየችኝ። «መሪጌታ ናቸው።»

«ለምን?»

«ስሕተታቸውን ሳሳያቸው ሳቁ። አንተ ማሽኑን ከሰስከው። ይህ ሥራ በየቀኑ የሚሳሳቱበት ሥራ ነው፣ አባየ።»

በትሬን አንሥቼ ወጣሁ። ማሩ ከጠረጴዛው ላይ አልተነካም፤ መልሼ ልወስደው አስቤ አፈርኩ። ወደ ዋናው መንገድ እየሄድኩ ሳለ ከኋላዬ በነጠላ ጫማ የሚሮጥ ሰው ሰማሁ።

«አባየ፣ ቁም!»

ቆምኩ፤ ፊቴን ግን አላዞርኩም።

«አንተን ብመርጥ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ? በየእሑዱ ስደውል የምናወራው ስለ ቅንፍ ነው። የቱ ጋ አልተዘጋም፣ የቱ ጋ ተበላሸ። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ከአባቴ ጋር ስለ ቅንፍ ማውራት አልፈልግም።»

«ታዲያ ስለ ምን?»

«እንዲሁ።»

የምታነቡኝ ሆይ፣ ያን ጊዜ አላመንኳትም። ለሽማግሌ የተሰጠ ማባበያ መስሎኝ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ልጄ በሄደች በመጀመሪያው እሑድ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ስልኬን ከፊቴ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አልጮኸም። በዚያ ሰዓት በጥዑም ቤት እየጮኸ መሆኑን ሳስብ እራት አልበላ አለኝ። በማግስቱ ሰኞ፣ ለተማሪ ቅኔ ሳቀና፣ ስሕተቱን ሳርም፣ ደወለች። «ምሳ በላህ ወይ? ጉልበትህስ? ጋቢህን አሳጠብክ?» አለችኝ። እኔ ሞኙ ግን «ትናንት ከጥዑም ጋር ብዙ አወራችሁ?» አልኳት። «ስለ ማውጫው ነው፣ አባየ» አለች። ዕድሜ ያስተምራል የሚሉ ሰዎች ቅንዓት የሚባለውን ተማሪ አላዩትም፤ ስንት ጊዜ ቢቀና ያንኑ ይስታል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቁስቋም ቅጽር፣ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለ ጥዑም መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ማውጫው እንዴት ነው አልኩት፤ ደኅና ነው አለ። ከዚያ በበትሩ መሬቱን እየጫረ፣ ወደ እኔ ሳያይ ተናገረ።

«አያ ልሳኑ፣ ልጅቱ ላንተ ስትደውል ምሳ በላህ ወይ ትልሃለች አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«ተማሪዎችህ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔን ደኅና ዋሉ ትልና ወዲያው ወደ ቅንፉ ነው። ሸጋ ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ አይጓደልም። ግን እንዲያው... በእኔ ቤት በልተህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኖሮ አያውቅም።» በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠና «ቀናሁብህ፣ አያ ልሳኑ» አለኝ።

ደስ አለኝ። በቅድስት ድንግል ደጅ ተቀምጬ በወንድሜ ኀዘን ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ደስታ ደግሞ ከጉሮሮ አልፎ ሳይወርድ ይመርራል። ለስንት ዘመን ለእሱ የተሰጠውን ፈገግታ ስመኝ፣ እሱ የእኔን «ምሳ በላህ ወይ» ይመኝ ኖሯል። እኔም እንደዚያች ትእዛዜ ከበላዬ የተቀመጠውን ብቻ እያየሁ ወጥቻለሁ፤ በእጄ ያለውን አንድም ቀን ቆጥሬ አላውቅም።

ማስተዋል በማግስቱ ስትደውል ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ያለኝ ይህ ብቻ ነው፤ እሱን ለማን ልስጥ? በሚቀጥለውም ሰኞ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣ «ልጄ» አልኳት።

«አቤት አባየ።»

«መሪጌታን... ስትደውይላቸው፣ ከቅንፉ በፊት፣ ምሳ በልተው እንደሆነ ጠይቂያቸው።»

«ምነው፣ ታመዋል እንዴ?»

«አልታመመም። እንዲሁ ጠይቂው።»

ጠየቀችው። እኔም ያወቅሁት በሚቀጥለው ሳምንት፣ ጥዑም ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ይዞ ሲነግረኝ ነው። ምሳ በሉ ወይ አለችኝ፤ ምን በሉ አለችኝ፤ ሽሮ ብቻ አይብሉ አለችኝ፤ እያለ ከቅጽሩ በር እስከ ቤቴ ድረስ መላልሶ ነገረኝ።

ቀናሁ።